ያለ ርስት መጦር

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ ያልተመረቀ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ምርቃቱን በልጅነታችን ስንሰማው የሽማግሌ ልማድ ነው ብለን እናልፈዋለን፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ቃሉ ይከብዳል። ጧሪ ማለት ሰው አቅሙ በደከመ ጊዜ የሚያበላው፣ ልብሱን የሚያጥብለት፣ ደግፎ ፀሐይ ላይ የሚያወጣው ሰው ነው። ዛሬ «ጡረታ» የምንለው የመንግሥት ገንዘብ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ሥር ነው። ቃሉ ወደ መሥሪያ ቤት ከመግባቱ በፊት ግን የጓዳና የእርሻ ቃል ነበር።

እኔ ባደግሁበት በቀየት ደጋ፣ በመንዝም ሆነ በግሼና በመርሐቤቴ፣ እርጅና የሚጦረው በርስት ነበር። ሞፈር መጨበጥ ያቃተው አባት ወይም ባሏ የሞተባት እናት መሬቱን ለአንዱ ልጅ፣ ልጅ ከሌለም ለወንድም ልጅ ይሰጣሉ። ተቀባዩ ያርሳል፤ ገብሱን አዝመራ ሲደርስ ከጎተራ ይከታል፤ በክረምት እሳት አያጠፋም፤ ሲሞቱ ይቀብራል፣ ተዝካር ያወጣል። መሬቱም ለእሱ ይቀራል። በወጉ ካልጦረ ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ እዚያ ካላለቀም ነገሩ ዳኛ ፊት ይደርሳል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለ መጽሐፉ የመንዝ ሰው ለርስቱ ያለውን ፍቅር፣ በርስትም የተነሣ የሚገጥመውን ሙግት ማንሣቱ ያለ ነገር አይደለም። አያቴ ራሷ ጧሪዋን ሦስት ጊዜ ለውጣለች። ሦስቱም የወንድሟ ልጆች ነበሩ። አንደኛውን ያሰናበተችው ሚስቱ ገላመጠችኝ ብላ ነው። ያኔ ነገሯ ያስቀን ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን መብቷን የምታውቅ ሴት ነበረች። መሬት ስለ ነበራት መምረጥ ትችላለች።

መሬት የሌለውስ?

ከእኛ ቤት ቁልቁል፣ ወንዙ አጠገብ፣ አንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ድስቱ፣ ምጣዱ፣ እንስራው፣ ጀበናው ሁሉ የእሷ እጅ ሥራ ነው። በመንደራችን ከእሷ ሸክላ ያልበላ ሰው አልነበረም፤ ከእሷ ጋር በአንድ ገበታ የቀረበ ሰውም አልነበረም። «ጠይብ ናት» ይባላል፤ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ደግሞ «ቡዳ ናት» ይባላል። እኛ ልጆች ዓይኗን እንዳናይ እንመከር ነበር። አያቴ ግን ሌላም ነገር ትል ነበር፦ «እሷ ቤት ቅዳሜ ጭስ የለም።» ለነገሩ እኛም ቀዳሚት ሰንበት ብለን በቅዳሜ አናርስም። እሳት ግን እናነዳለን፤ ወጥ ግን እንሠራለን። የአያቴ አነጋገር ክስ ይሁን አድናቆት ያኔ አልገባኝም ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሲዮናውያኑን የኢዘንበርግንና የክራፕፍን የዕለት ማስታወሻ ሳገላብጥ ያች ሴት ድንገት ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ክራፕፍ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ የቆየ ሰው ነው፤ ማስታወሻው የታተመው በ1843 ለንደን ላይ ነው። በአንኮበር አካባቢ ደን ውስጥ ገዳም ስላላቸው «ጠቢባን» ስለሚባሉ ሰዎች ይናገራል፤ በእጅ ሥራ የሚያድሩ፣ በውጭ ክርስቲያን የሚመስሉ፣ ከሌላው ሰው ግን ተለይተው የሚኖሩ፣ ሕዝቡም በአስማት የሚፈራቸው ናቸው። «ጠቢብ» በግእዝ ጥበበኛ ማለት ነው። ያው ቃል ደጋ ላይ «ጠይብ» ሆኖ ስድብ ሲሆን ማየት ያሳዝናል። ማረሻችንን የሚቀጠቅጥልንን፣ ድስታችንን የሚያበጅልንን ሰው ስም ለመንሳት ስንል ከጥበብ ላይ ስድብ አወጣን።

የሸዋ ጠቢባን ከጎንደር ቤተ እስራኤል ጋር ያላቸው ዝምድና ታሪክ ጸሐፊዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሰዎቹ ራሳቸው ግን ከሰሜን ሸዋ ገጠር እስከ አዲስ አበባ ቀጨኔ ድረስ ካባት ከናት የሰሙትን ያውቃሉ፤ ከቅርብ አሥርታት ወዲህ ከቀጨኔ ወጣቶች መካከል አይሁድነታችንን በአደባባይ እንኖራለን ብለው ምኩራብ ያቆሙም አሉ። እኔ የዘር ሐረግ ዳኛ አይደለሁም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ርስት የተነፈገ ሕዝብ ሽማግሌውን በምን ጦረ? ይህን ለመመለስ ወደ ሰሜን፣ ታሪኩ በተሻለ ሁኔታ ወደ ተጻፈላቸው ወደ ጎንደር ቤተ እስራኤል መሻገር ግድ ነው። («ፈላሻ» የሚለውን ስም ባለቤቶቹ ስለማይወዱት አልጠቀምበትም።)

የርስቱ ነገር የሚጀምረው በ15ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ነው። ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ የተጠመቀ ብቻ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን አገር አልባ እንዲሆን ደነገጉ ተብሎ ይተረካል። ከዚያ ወዲያ ብዙው ሰው የሰው መሬት አራሽ ወይም ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ሆነ። ከይስሐቅ ቀጥሎ ብዙም ሳይቆዩ የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከተማቸውን ያደረጉት ከእኛ ደጋ የአንድና የሁለት ቀን መንገድ በሆነችው በደብረ ብርሃን ነው። የቤተ እስራኤል የቃል ታሪክ ደግሞ የእኚሁ ንጉሥ ልጅ ጸጋ አምላክ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ ከአባ ጸብራ ዘንድ እንደ ገባ፣ ሁለቱም የቤተ እስራኤልን ምንኩስና እንደ መሠረቱ ይናገራል። ጎንደርና ሸዋ በዚህ ትረካ ውስጥ እንደምናስበው የተራራቁ አይደሉም።

ርስት የሌለው ሕዝብ ሽማግሌውን የጦረው በሕግና በጎረቤት ነው። ቤተ እስራኤል መንደራቸውን የሚሠሩት ውኃ አጠገብ ነው፤ የመንጻት ሥርዓት ይህን ይጠይቃል። ከመንደሩ ጠርዝ ላይ በድንጋይ የተከበበች «የመርገም ጎጆ» ትቆማለች። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ እዚያ ትገባለች። ስትወልድም ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ ትቆያለች፤ የመጀመሪያውን ጊዜ በመርገም ጎጆ፣ ቀሪውን በአራስ ጎጆ። ምግቧን ዘመድና ጎረቤት ያመጡና ሳይነኳት ከድንጋዩ አጥር ላይ ያኖሩላታል። ይህን የጻፉ የውጭ ሰዎች አብዛኞቹ ያዩት መገለልን ነው። እርግጥ ክረምት ላይ የምታፈስ ጎጆ ውስጥ መታረስ ምቾት አይደለም፤ ስሙም ራሱ ይናገራል። ቢሆንም ከሌላው አገር የገበሬ ሚስት ጋር ሳነጻጽረው አንድ ነገር አያለሁ። የመንዝ አራስ ክርስትና ሳይነሣ ለወፍጮ የተነሣችበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እዚያ ግን ሴቲቱ 80 ቀን እንድትመገብ፣ እንጨት እንዳትለቅም፣ ውኃ እንዳትቀዳ ሕግ ያስገድዳል። መንደሩ ወደደም ጠላም ይቀልባታል።

ሽማግሌውም እንደዚሁ ነው። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሰንበት ምግብ ተዘጋጅቶ ያልቃል፤ እሳት ይጠፋል። ሰንበት ሲነጋ ሰው ሁሉ ወደ ጸሎት ቤት ይሄዳል፤ ቄሱ የሚባርከው ዳቦ ለተሰበሰበው ይቆረሳል። ምግብ ያልሠራች አሮጊት፣ ልጅ የሌለው ዕውር፣ ሁሉም ከአንድ ዳቦ ይበላሉ። ቀሳውስቱ በመንደሩ ድርሻ ያድራሉ፤ መነኮሳቱ በየአጸዳቸው ሆነው ሕዝቡ ይቀልባቸዋል፤ ለሞተ ሰው ተዝካር ይወጣል። በእነዚህ መንደሮች «ጧሪ» አንድ ሰው አልነበረም ለማለት እደፍራለሁ፤ ሰንበት ራሱ ጧሪ ነበር።

ክፉ ቀን ይህን ሁሉ አፈረሰው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በሬ ያለቀበት፣ አንበጣና ድርቅ የተከተሉበት፣ ወረርሽኝ የበረታበት ጊዜ በመንዝም ቢሆን የተረፈ ቤት ጥቂት ነበር። ቤተ እስራኤል ላይ ግን ጉዳቱ ድርብ ሆነ። የሌላ ሰው መሬት የሚያርስ ሰው በክፉ ቀን መጀመሪያ የሚባረር ነው። መንደሮች ተበተኑ፤ መነኮሳት አለቁ፤ ለቁራሽ ብሎ የተጠመቀው በዛ። ምንኩስናቸው ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞ ክብሩ አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ1904 ዣክ ፋይትሎቪች መጥቶ ያገኘው ይህን የቆሰለ ሕዝብ ነው። እሱ ያሰበው ስለ ትምህርት ነው፤ በ1916 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በታምራት አማኑኤል የሚመራ ትምህርት ቤት ከፈተ። ስለ አዛውንት ያሰበ ግን አልነበረም። ለልጅ የሚሆን ገንዘብ ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ ይገኛል፤ ለሽማግሌ የሚገኘው ዘግይቶ ነው።

የየካቲት 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ሲመጣ ርስት ያልነበረው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያርሰው መሬት አገኘ። ጎረቤቶቹ ይህን በደስታ አልተቀበሉለትም፤ ጸቡም በረታ። ቀጥሎ ጦርነት፣ ቀጥሎ ረሃብ፣ ቀጥሎ ስደት።

በሱዳን በኩል የተደረገው ጉዞ ስለ ጀግንነቱ ብዙ ተብሎለታል። እኔን የሚያስቆመኝ ሰልፉ ውስጥ የነበሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ከጎንደር መንደሮች ተነሥቶ በሌሊት እየተጓዙ ወደ ሱዳን መጠለያዎች መድረስ ሳምንታት ይፈጃል። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው በረራ 8,000 ያህል ሰው ተወሰደ። ወሬው ሲወጣ ሱዳን በሩን ዘጋች፤ ዘመቻው በመሃል ተቋረጠ። ልጅ እስራኤል፣ እናት ጎንደር ቀሩ። መንደሩ ሁሉ ጧሪ በነበረበት አገር ድንገት ጧሪ የሌላቸው መንደሮች ተፈጠሩ፤ ወጣቱ ሄዷል፣ የቀሩት አሮጊቶች፣ እርጉዞችና ሕፃናት ናቸው።

በ1982 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እስራኤል ግንኙነታቸውን ሲያድሱ እነዚህ የቀሩት ሰዎች በሺህ እየሆኑ ወደ አዲስ አበባ ጎረፉ። ታሪኩን ስናወራ ሁላችንም ወደ አውሮፕላኑ እንቸኩላለን፤ ከአውሮፕላኑ በፊት የነበረው አንድ ዓመት ግን ለእኔ ይበልጥብኛል። ደጋና ወይና ደጋ ላይ በገዛ መንደሩ የኖረ ገበሬ በእስራኤል ኤምባሲ አካባቢ በተከራየ አንድ ክፍል ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ታጨቀ። እርሻ የለም፤ ወንዝ የለም፤ ሰንበትን የሚያውቅ ጎረቤት የለም። በሽታው ወዲያው ገባ፤ ኩፍኝ፣ ሳንባ ነቀርሳ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሰው ሞተ።

ያኔ የረዱት እነማን ናቸው? እ.ኤ.አ. በ1914 የተመሠረተው «ጆይንት» የተባለው የአሜሪካ አይሁድ የርዳታ ድርጅት ሐኪሞች አመጣ፤ በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቁት ዶክተር ሪክ ሆድስ ለዚህ ሥራ ከመጡት አንዱ ናቸው። ለየቤተሰቡ ወርኃዊ ገንዘብ ይታደላል፤ በኤምባሲው ግቢ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሞቱን የገታው ግን ክሊኒኩ ብቻ አይደለም። ከራሱ ከማኅበረሰቡ የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር፤ ማን እንደ አተኮሰው፣ የትኛው ሕፃን እንዳልተከተበ፣ የትኛዋ አሮጊት ከአልጋ እንዳልተነሣች በር አንኳኩተው ይጠይቃሉ። ይህ ለእኔ ከድንጋዩ አጥር ላይ ምግብ ማኖር ነው፤ ቦታው ተለወጠ እንጂ ሥራው ያው ነው። ሐኪሞቹም ይህን ስለ ተረዱ ተሳካላቸው።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኮሎኔል መንግሥቱ አገር ጥለው በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰደ። ቤተሰብ እንዳይለያይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በየግንባሩ ተለጠፈ። ሽማግሌው በቃሬዛ፣ በልጅ ጀርባ ገባ። መቀመጫቸው የተነቀለላቸው አውሮፕላኖች ከሚችሉት በላይ ጫኑ። የተወለዱም ሕፃናት ነበሩ፤ ከመርገም ጎጆ ውጭ፣ በሰማይ ላይ።

እስራኤል ውስጥ ሽማግሌው ያገኘውን ያህል አጥቷል። መኖሪያ ቤት፣ ሐኪም፣ የእርጅና አበል አገኘ። የሰውነቱን ማዕረግ ግን አጣ። በመንደሩ ነገር የሚፈርድ፣ ልጅ የሚድር የነበረ ሰው፣ የሐኪሙን ቃል የሚያስተረጉምለት የስምንት ዓመት የልጅ ልጁ ሆነ። በአገሩ ሕግ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ወጥቶ በ1988 ሥራ ላይ የዋለው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ዋስትና ሕግ ራሱን መርዳት ላልቻለ አዛውንት በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ከቤቱ መጥቶ የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ የሚያበላ ተንከባካቢ ይሰጣል፤ ወደ አዛውንት የቀን መዋያ ማዕከል መሄድም ይቻላል። አማርኛና ትግርኛ የሚነገርባቸው፣ ቡና የሚፈላባቸው ማዕከሎች አሉ። ጧሪ ደመወዝተኛ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ ማላገጥ ቀላል ነው፤ እኔ አላላግጥም። በእኛ አገር እናቷን ስትጦር ወጣትነቷ ያለፈ ሴት ልጅ ስንት ናት? ድካሟን ሰዓት ቆጥሮ የከፈላት ማን ነው? ያንጊዜም ቢሆን ነገሩ ጥላ አለው። ከኢትዮጵያ ከሄዱት ሴቶች በርካቶቹ የገቡበት ሥራ ጽዳትና ተንከባካቢነት ነው። ቀኑን የሌላ ሰው እናት ስትደግፍ ውላ ማታ ወደ ገዛ እናቷ የምትመለስ ሴት ሁለት ጊዜ ጧሪ ናት፤ አንዱ ብቻ ይከፈልበታል።

ከመንደሩ የተረፈውን ሴቶቹ በራሳቸው መንገድ ይዘውታል። ሐጋር ሰለሞን፣ ስቲቨን ካፕላንና ሃርቪ ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት በእስራኤል ያሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች እቁብ እንደሚጥሉ ያሳያሉ። ባንክ በበዛበት አገር እቁብ! እቁቡ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በወሩ ተሰብስቦ ቡና መጠጣት፣ ያልመጣችው ለምን እንደ ቀረች መጠየቅ፣ የታመመችውን ለማየት መነሣት ነው። ሥግድም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የአገር በዓል ሆኖ ጸድቋል፤ በዓመት አንድ ቀን ቄሶቹ በጥላቸው ሥር ቆመው አገር ያዳምጣቸዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልተቆጠሩት የእኛ ናቸው። ከቀጨኔም፣ ከሰሜን ሸዋ ገጠርም አይሁድ ነን ያሉትን እስራኤል አልተቀበለቻቸውም። ቤት ለቤት የሚዞር ሐኪም፣ ወርኃዊ ድርጎ፣ የቀን መዋያ ማዕከል፣ ግንባር ላይ የሚለጠፍ ቁጥር፣ አንዱም አልደረሳቸውም። ሐጋር ሰለሞን ስለ ጎንደር አይሁድና ክርስቲያኖች የጻፈችው መጽሐፍ ርእስ «የጅብ ሰዎች» የሚል ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚለውን ሐሜት ይዞ። ይህ ሐሜት መንዝም ነበር። እሱን ሐሜት ሳይወድ የተሸከመ ሰው ሲያረጅ የማን እድር ይደርስለታል?

ያች ሸክላ ሠሪ ያረጀችው ያለ ልጅ ነው። ጭቃ ማቡካት ካቃታት በኋላም ግን ጦሟን አላደረችም። ከወንዙ ማዶ፣ ከቆላው አፋፍ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሰዎች ይመጡ ነበር፤ አንድ ቀጥቃጭ፣ ሁለት ሴቶች። ሌሊት መጥተው ሌሊት ይመለሳሉ። እንጨት ፈልጠው፣ ውኃ ሞልተው፣ እህል ፈጭተው ይሄዳሉ። ዘመዶቿ ነበሩ ወይስ የሙያ ወዳጆቿ፣ መንደሩ ጠይቆ አያውቅም። እኛ የምናውቀው ውሾቹ ሲጮኹ ነው።

አንድ ክረምት አያቴ ቁና ሙሉ ገብስ ሰጠችኝ። «ውሰድላት፤ ቤቷ እንዳትገባ፣ ከደጇ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጠህ ተመለስ» አለችኝ። ለምን ዛሬ እንደ ሆነ አልነገረችኝም። ምናልባት የራሷ ጧሪ በዚያ ሰሞን አስቀይሟት ይሆናል። ዝናቡ ሲያባራ ወርጄ አስቀመጥሁት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከውስጥ ድምፅ አልሰማሁም።

በማግስቱ ቁናውን ልወስድ ስሄድ ታጥቦ ድንጋዩ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ከሥሩ አንዲት ትንሽ፣ ገና ያልተሟሸች ጀበና ነበረች።